ለፍልሰታ የተራራ ጉዞ ስንቅ፦ ወጥ በማድረቂያ ማሽን ይደርቃል?

የኦሮራው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ልንገባ ነው። አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት። ዕቃው ሁሉ በጀርባ ነው፣ መኪና አጠገባችን የለም። የማደሪያ ፈቃዱ ወጥቷል። ድንኳን አለ፣ ጫማ አለ። የቀረን የሆድ ጉዳይ ነው።

አምና ከካምፒንግ ዕቃ መደብር በፖስታ የታሸገ ደረቅ ምግብ ገዝተን ነበር የወጣነው። የፈላ ውሃ ጨምረህ፣ አፉን ዘግተህ፣ ጠብቀህ የምትበላው ዓይነት። ዋጋውን ተዉት፣ ጣዕሙ ራሱ ቅጣት ነው። ጨው ብቻ። ፖስታው ላይ «ለሁለት ሰው» ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ብቻውን ጨርሶት «ዳቦ የለም?» ብሎ ጠየቀ። በሁለተኛው ሌሊት ወሬያችን ሁሉ ስለ ሽሮ ሆነ።

ዘንድሮ ደግሞ ቀኑ ፍልሰታ ውስጥ ወደቀ። ሁለቱ ይጾማሉ፣ እኔም አብሬ ልጾም አስቤአለሁ። አራተኛው «ሥጋ ካልያዛችሁ አልወጣም» ብሏል። ስለዚህ ያገለገለ ማድረቂያ ማሽን ገዛሁ። ክብ ነው፣ አምስት ትሪ ይደራረብበታል፣ ማራገቢያው ከላይ ነው። በፖምና በማንጎ ሞከርኩት፣ አሳምሮ አደረቀ። ወደ ወጡ ልገባ ስል ግን እጄ ፈራ።

ምስር ወጥ ከነዘይቱ ይደርቃል? ሽሮ ቀድሞውኑ ዱቄት ነው፣ ምን ይደረግበታል? እንጀራ እንያዝ ወይስ ድርቆሽ ይሻላል? ለሥጋ በሊታውስ ቋንጣ በዚህ ማሽን ይሠራል? አንድ ሌላ ጣጣም አለ። ፓርኩ ለድብ ሲባል ምግብ ሁሉ በጠንካራ ጣሳ ውስጥ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። እኛ የያዝነው 11.5 ሊትር የሚይዘውን ነው፣ ሁለት አለን። ጣሳው ደግሞ እንደ ፌስታል አይለጠጥም።

ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ማሽን ገዝተህ ድርቆሽ ልትሠራ ነው?» ብላ እስኪደክማት ሳቀች።

ሚጥሚጣ፦

በሶ ያዝና ተገላገል ወንድሜ። ማሽን ምን ያደርግልሃል? የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ ድስት አይፈልግም። ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ካለህ በርበሬ፣ ጨብጠህ ትበላለህ። በስኳር ብትበጠብጠው ደግሞ መጠጥ ነው። ለዚያ ለሥጋ በሊታው ጭኮ አሠራለት። በንጥር ቅቤ የታሸ ጭኮ የበላ ሰው ቶሎ አይርበውም።

ቆሎውንም እንዳትረሳ። በኪስ የሚያዝ ነው፣ ስትወጣ ትቆረጥማለህ።

የጓዳ ንግሥት፦

ልጄ፣ መጀመሪያ እናትህን ሰላም በልልኝ። የሳቀችው እውነቷን ነው። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎ ሁሉም ለመንገደኛ የተሠሩ ናቸው። ይህ ማሽን ለኛ የጨመረልን ነገር ቢኖር ወጡን ነው። እኔ እዚሁ ዴንቨር ነው ያለሁት። ልጆቼ ተራራ ወዳድ ሆነው ስላስቸገሩኝ ማሽኑ ከጓዳዬ ወጥቶ አያውቅም።

ዋናውን ልንገርህ፣ የቀረው ራሱ ይመጣልሃል። ዘይት አይደርቅም። ማሽኑ የሚያወጣው ውሃ ነው። ዘይት የገባበትን ወጥ ትሪ ላይ ብታፈሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋበት ያድርና ጠዋት እጅ የሚቀባ፣ የሚለጠጥ ነገር ይጠብቅሃል። ደረቀ ብለህ ብታሽገው እንኳ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፣ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል። ስለዚህ ወጡ ለብቻው ይደርቃል፣ ዘይቱ ለብቻው በጠርሙስ ይሄዳል፣ ተራራው ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ ቁሌቱ ላይ ነው ሥራው። ያለ ዘይት ነው የምታቁላላው። ይህ ደግሞ ለኛ ባዳ አይደለም፣ እናቶቻችን ሽንኩርቱን ደረቁን አቁላልተው አይደል ዘይት የሚጨምሩት? አንተ ዘይቱን አትጨምረውም፣ በቃ። ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፈው ወይም ፍጨው። ወፍራም ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት ጣደው። ሊይዝብህ ሲል ጠብታ ውሃ ጣል አድርግ፣ አማስል። ሲጠቁር ሳይሆን ሲለሰልስና ሲጣፍጥ በርበሬህን ጨምር። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨው። የጥሬ በርበሬው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ አትቸኩል። ውሃው ተኖ ማንኪያ ሲቆምበት አውርደው፣ መከለሻህን ነስንስበት።

ከዚያ ትሪህ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፍ። ማሽንህ ክብ ስለሆነ መሃሉ ክፍት ነው፣ ወረቀቱንም መሃሉን ቅደደው። ካልቀደድከው አየሩ መውጫ ያጣል። ቁሌቱን በስሱ ለጥፍ፣ የጥፍርህን ጠርዝ ያህል። ሙቀቱን 135 ፋራናይት ላይ አድርግ፣ 57 ሴልሺየስ ማለት ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይነሳና ይጠቀለላል። መሃሉ ጥቁር ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። በአውራ ጣትህ ጫን አድርገው። የጣትህ ምልክት ከቀረ አልደረቀም። የላዩ ሲደርቅ ገልብጠህ ወረቀቱን ላጥለት፣ ሆዱም ይድረቅ። ስትሰብረው ቀጭ ካለ ደርሷል። ከተጎነበሰ ይቆይ። ከዚያ በቡና መፍጫ ፍጨው። እኔ ቤት ስሙ የቁሌት ዱቄት ነው። አንድ ትልቅ ድስት ሽንኩርት አንድ የቡና ጣሳ እንኳ አይሞላም።

ምስሩ ቀላል ነው። ቀዩን ክክ አብስለህ፣ በዚያው ዘይት በሌለው ቁሌት ሠርተህ፣ እንዲሁ ለጥፈህ አድርቅ። ድፍን ምስር አትያዝ፣ ቆዳው ከደረቀ በኋላ ውሃ አልጠጣ ብሎ ይሟገትሃል። አተር ክክ አልጫ ግሩም ይደርቃል። ጎመን ከፈላ በኋላ ደቆ ተከትፎ ወረቀት መስሎ ይደርቃል፣ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ እንደነበረው ይሆናል። ካሮትና ድንች ተቀቅለው፣ አንሰው ይቆረጡ። ፎሶሊያ ተወው፣ ጎማ ነው የሚሆነው። ጥቅል ጎመንም ቤትህን ያሸተዋል እንጂ አይጠቅምህም።

ዘይቱን ክዳኑ በሚጠመዘዝ ትንሽ ጠርሙስ አድርገህ በሁለት ዚፕሎክ ሸፍነው። ዘይት ሲያዩት ዕዳ ይመስላል፣ ግን እንደሱ ትንሽ መዝኖ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ የለም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፣ አንድ ግራም ዱቄት 4። የሚጾሙት ልጆች እንዳይደክሙ በየድስቱ አትሰስትባቸው።

እንጀራ ትኩሱን ለመጀመሪያው ምሳ ያዝ፣ ከዚያ በኋላ ድርቆሽ። እንጀራውን የመዳፍ ያህል እየቀደድክ ትሪው ላይ ሳትደራርብ ዘርጋው፣ ወረቀት አያስፈልገውም። ይጠቀለላል፣ አይጨንቅህ። የኛ አገር አየር ደረቅ ስለሆነ እንደውም ጠረጴዛ ላይ አድሮም ይደርቃል፤ ማሽኑን የምትጠቀመው ለፍጥነት ነው። ለጣሳው ግን ድርቆሽ ጠላት ነው። እንዳለ ብታስገባው አየር ነው የምትጭነው። ዚፕሎኩ ውስጥ እያለ በእጅህ አድቅቀው፣ የሽልንግ ያህል ይሁን። ለፍርፍር ከዚያ በላይ ምን ያደርግልሃል?

ቋንጣውን ማታ እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ድስት ጥጄ ነው።

የሲያትል ዝናብ፦

እትዬ ጨርሰውታል። እኔ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

አንደኛው መመዘን ነው። ትሪው ላይ ከማፍሰስህ በፊት ወጡን መዝነው፣ ከደረቀ በኋላም መዝነው። ልዩነቱ የወጣው ውሃ ነው፣ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር። ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ በማርከር ጻፈው። ተራራው ላይ ያንኑ ያህል ውሃ ትመልስለታለህ፣ ትንሽም ጣል ታደርጋለህ። ቀጠነ ወፈረ የሚል ክርክር የለም። እኔ ጽሑፉ ላይ የምግቡን ስምና የሰው ቁጥርም አደርጋለሁ። ደርቆ ሲቀመጥ ምስሩና ክኩ በመብራት እንኳ አይለይም።

ሁለተኛው ደርቋል ብለህ ያመንከውን ወዲያው አለማሸግ። በተለይ አትክልትና ፍራፍሬ አንዱ ቁራጭ ደርቆ ሌላው ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ሙላ፣ ክዳኑን ግጠም፣ ሳምንት ያህል በየቀኑ ነቅነቅ አድርገው። ማሰሮው ውስጡ ጤዛ ካወጣ ወይም ቁራጮቹ ከተጣበቁ ወደ ማሽኑ ይመለስ። ሻጋታ ካየህ ግን ምንም ሳትመርጥ ጣለው። እኛ ጋ እርጥበቱ ስለሚበዛ ይህን ካላደረግን አንተርፍም። እናንተ ጋ ቀለል ይላል፣ ግን አትተወው። ከዚያ በኋላ እስክትሄዱ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ።

በሽሮው ላይ ግን ከብዙዎች እለያለሁ። ጥሬ ምጥን ሽሮ ይዞ መውጣት ጋዝ ማባከን ነው። ቀጭን የካምፒንግ ድስት ላይ ሽሮ ይይዛል፣ ካልተንተከተከ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል። ቤት አብስለህ፣ ያለ ዘይት፣ ወፈር አድርገህ ለጥፈህ አድርቀው። ፍጨው። ያን ጊዜ የፈላ ውሃ ብቻ ይበቃዋል።

የጓዳ ንግሥት፦

የሲያትሏ፣ ማሰሮውን በደንብ ተናግረሻል። ሽሮውን ግን አልስማማም። ሽሮ ተቆልቶ ተፈጭቶ ደርቆ የመጣ ነገር ነው። እሱን አርጥቦ አብስሎ መልሶ ማድረቅ፣ መልሶ መፍጨት ለመብራት ኃይል ገንዘብ መስጠት ነው። ልጄ፣ ምጥን ሽሮህን ከቁሌት ዱቄቱ ጋር ቀድመህ ቀላቅለህ አሽገው፣ ለአንድ ራት አንድ ከረጢት። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በጥብጠው እንጂ የፈላ ላይ አትነስንስ፣ እንዳይጓጉል። ከዚያ እሳት ላይ ሆኖ ማማሰል ነው። ጣዕሙ ከደረቀው ጋር አይወዳደርም።

የሲያትል ዝናብ፦

እትዬ፣ የጣዕሙን አምናለሁ። ጋዙን ግን እርስዎ አይሸከሙትም :)

ጭላዳ፦

በሽሮው ክርክር ልግባበት። እኔ ደባርቅ ነው ያደግኩት፣ ለጎብኚዎች ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሜን ተራሮች ላይ ብዙ ሠርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ ምግብ አናደርቅም። ዕቃውን በቅሎ ትሸከመዋለች፣ ሽንኩርቱም ድንቹም ጥሬውን ይወጣል። ስለ ከፍታ ግን የማውቀው አለኝ።

ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 88 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ምግቡ ግን ቶሎ አይበስልም። ጎብኚዎቹ «ፈልቷል እኮ» ይሉናል። መፍላትና ማብሰል እዚያ ይለያያሉ። ጥሬ ምስር ይዘህ ብትወጣ እስኪመሽ ትጠብቀዋለህ። ፓስታ እንኳ ቤት ከሚፈጀው በላይ ይፈጃል። የናንተ ማደሪያም 3,000 ሜትር ገደማ ከሆነ ውሃው 90 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ማንኛውም ጥራጥሬ ቤት በስሎ ይድረቅ። ተራራው ላይ የሚቀራችሁ ማሞቅ ብቻ ይሁን።

ሽሮ መሃል ላይ ነው። ተቆልቶ ስለተፈጨ ይበስላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። አንድ ራት ከሆነ የእትዬን አድርግ። በየቀኑ ሽሮ ልትበሉ ከሆነ የሲያትሏን።

ደግሞ ደረቅ ምግብ ላይ ወዲያው እሳት አትለኩስ። ድስቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰህ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው፣ እስከዚያ ድንኳን ትከሉ። ከዚያ አፍላው፣ እሳቱን አጥፋ፣ ድስቱን ክዳኑን ገጥመህ በጃኬት ጠቅልለህ አስቀምጠው። ያን ጊዜ ጋዝ ሳታቃጥል ራሱ ይጨርሳል። ጋዙንም ሌሊት መኝታ ከረጢትህ ውስጥ አስገባው። ብርድ ከመታው ጠዋት ላይ እሳቱ ይልፈሰፈሳል።

የኦሮራው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉት ቅዳሜ ቁሌቱን ሠራሁት። ማታ ጥጄው ተኛሁ። ጠዋት ዳር ዳሩ ቀጭ ይላል፣ መሃሉ ግን የጣቴን ምልክት ይይዛል። ገልብጬ ወረቀቱን ላጥኩት፣ እስከ ምሳ ደረሰ። ከታች ያለው ትሪ ከላይኛው በጣም ዘገየ፣ ማራገቢያው ከላይ ስለሆነ ይመስለኛል። አሁን ትሪዎቹን እየቀያየርኩ ነው።

ምስሩን ደግሞ ሞክሬ በረንዳ ላይ በካምፒንግ ምድጃው አበሰልኩት። ጓደኛዬ ሲቀምሰው ምስር ወጥ ነው አለ፣ ደርቆ እንደነበር አልነገርኩትም። ዘይት ሳልጨምርበት ስቀምሰው ግን ባዶ ነበር። ዘይቱ ሲገባ ነው ነፍስ የዘራው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የሥጋው ጉዳይ፣ እና ከጾመኞቹ ጋር በአንድ ድስት እንዴት እንደምንሆን። ድስቱ አንድ ነው።

የጓዳ ንግሥት፦

ጎበዝ። ትሪ መቀያየሩን ሳልነግርህ ደረስክበት።

ወደ ቋንጣው። አገር ቤት ሥጋው ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ገመድ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ወጥ ውስጥ ገብቶ ይበስላል። አንተ ግን መንገድ ላይ እንዲሁ ልታኝከው ነው። ያ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የበሬ ሥጋ ከመድረቁ በፊት ውስጡ 160 ፋራናይት እንዲደርስ ይመክራል። የዶሮ 165። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑ 140 ቢልህም ሥጋው ውሃ እያተነነ ስለሆነ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ያን ያህል አይሞቅም። ተህዋሲያኑ ደግሞ አንዴ ከደረቁ በኋላ ሙቀት የመቋቋም አቅማቸው ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ማድረቅ።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ስብ የሌለው የኋላ እግር ሥጋ እገዛለሁ። ፍሪዘር ውስጥ ግማሽ በግማሽ እስኪጠነክር አስቀምጠዋለሁ፣ ያን ጊዜ ቢላዋ ይታዘዛል። በስሱ እዘለዝለዋለሁ። ጨው፣ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ኮረሪማ። ኦቨን ውስጥ በቴርሞሜትር እያየሁ 160 ሲደርስ ወደ ማሽኑ። ስጎነብሰው ይሰነጠቃል እንጂ አይሰበርም፣ ያ ነው ልኩ። የሚታይ ስብ ካለ በቢላዋ ይውጣ፣ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

ለራቱ ግን ቋንጣውን ተወውና ምንቸት አብሽ አድርቅለት። የተፈጨ ሥጋ ስቡ ያነሰውን፣ 93 በመቶ ቀይ የሚለውን ግዛ። ጥብስ አድርቀህ ብትወስድ ተራራ ላይ ጫማ ነው የምትበላው። የተፈጨው ግን ውሃ ይመለስለታል። አብስለህ፣ የወጣውን ስብ በወንፊት አጥልለህ፣ በፈላ ውሃ ለቅለቅ አድርገህ፣ በወረቀት ፎጣ አድርቀህ ለብቻው ማሽን ውስጥ አስገባ። የሚወጣው ጠጠር የሚመስል ነገር ነው። ከቁሌት ዱቄት ጋር ስትቀላቅለው ወጥ ይሆናል። ንጥር ቅቤ በትንሽ ማሰሮ ያዝለት። ተራራው ላይ ሲበርድ ስለሚረጋ እንደ ዘይት አይፈስም፣ ያ ጥቅሙ ነው።

ማሽኑ ውስጥ የጾምና የፍስክ በአንድ ቀን እንዳታገናኝ። የግድ ከሆነብህ ሥጋው የታችኛው ትሪ ላይ ይሁን፣ ከላይ ሆኖ ወደ ምስሩ እንዳይንጠባጠብ። ድስቱን በተመለከተ፣ የጾሙ ይቅደም፣ ይብሉ፣ ከዚያ በዚያው ድስት የፍስኩ ይሠራ። ማማሰያው ግን ሁለት ይሁን፣ የእንጨት ማንኪያ ስንት ይመዝናል? ደግሞ ያ ሥጋ በሊታ ልጅ ሦስት ቀን ምስር ቢበላ አይሞትም፣ በልልኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሊውሉ ያሰቡ ካሉ ከመውጣታቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይማከሩ። ከፍታ ላይ፣ ሸክም ይዞ፣ ያለ ውሃ መውጣት ሌላ ነገር ነው።

ሚጥሚጣ፦

ምሳ ላይ እንግዲህ የኔ በሶ ተመለሰች። በነሐሴ የኮሎራዶ ተራራ ከቀትር በኋላ መብረቅና ዝናብ ያመጣል። ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ላይ ሆናችሁ ድስት ጥዳችሁ ስትጨቃጨቁ እንዳያገኛችሁ። ጠዋት ተነሱ፣ ቀን ላይ ውረዱ፣ መንገድ ላይ በሶ ጨብጡ። ድስት ለማታ።

የኦሮራው፦

ተስማማሁ። ቀን በሶ፣ ቆሎ፣ የደረቀ ማንጎ። ማታ አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ፍርፍር፣ አንድ ቀን ሽሮ። ለሽሮው አንዱን ከረጢት በእትዬ መንገድ፣ አንዱን በሲያትል መንገድ ሠርቼ ሁለቱንም እንቀምሳለን።

ጣሳዎቹን ዛሬ ሞላኋቸው። ድርቆሹን ካደቀቅኩ በኋላ ሁሉም ገባ፣ የጥርስ ሳሙናውም ጭምር። ሽታ ያለው ሁሉ እዚያ መግባት አለበት ተብለናል። ማታ ማታ ጣሳውን ከድንኳኑ 200 ጫማ አርቀን ነው የምናስቀምጠው።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ አትሳቁብኝ። የምኖረው አፓርትመንት ነው። ቁሌቱ ያደረበት ቀን ሽታው እስከ ሊፍቱ ደርሷል። ጎረቤቴ ምን እየሠራህ ነው ብላ አንኳኳች። የሥጋው ቀን ምን ላድርግ?

ጭላዳ፦

ጎረቤትህን አቅምሳት።

የጓዳ ንግሥት፦

ማሽኑን በረንዳ አውጣው፣ ከጣሪያ ሥር ይሁን፣ ዝናብ እንዳይነካው። ገመዱ የውጭ የሚባለው ይሁን። ነፋስ ካለ ይዘገያል እንጂ ይደርቃል። በረንዳ ከሌለህ መታጠቢያ ቤት አስገባው፣ ማራገቢያውን ክፈት፣ በሩ ሥር ፎጣ አድርግ፣ ኮትህንም ከዚያ አውጣ።

ምግቡን ከበላችሁ በኋላ የድስቱን እጣቢ ሐይቅ ውስጥ እንዳታፈሱ። በርበሬው የገባበት ውሃ ከወንዝና ከሐይቅ ርቆ ነው የሚደፋው፣ የቀረውን ፍርፋሪ አጥልላችሁ ከቆሻሻችሁ ጋር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ድርቆሽ የያዘ ሰው ደግሞ ድስት ማጠብ ምን ያስቸግረዋል? በእሱ ጠርጋችሁ ብሉት።

ስትመለስ ትሪዎቹን ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ አሳድራቸው፣ ጠዋት ሎሚ ጨምቀህባቸው አለቅልቃቸው። ያለዚያ ቀጥሎ የምታደርቀው ፖም በርበሬ በርበሬ ይልሃል።